የዝናቡ ወርቅ

በማተሚያ ቤታችን የመጨረሻውን እርማት የማነብ እኔ ነኝ። ስሜ አጥናፉ ነው። ቅኔ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁና ሰሙን ብቻ አንብቦ የሚያልፍ ሰው አይደለሁም። በየገጹ ግርጌ «ታርሟል፣ አጥናፉ» ብዬ እፈርማለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ መንግሥት ሊገለብጡ የተነሡት ከከሸፈባቸው ወዲህ ይህች ፊርማ ትከብደኛለች። ክፉ ቃል ካመለጠችኝ ከርቸሌ የምገባው እኔ ነኝ እንጂ የማተሚያው መኪና አይደለም።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መምህር ካላዩ የሚባል ዝምተኛ ሰው አንድ ረቂቅ ይዞ መጣ። ታኦ ስለሚባል የቻይናዎች ነገር፣ ሃይማኖት ይሁን ፍልስፍና ራሱም ያልለየለት፣ ከሌሎች እያነጻጸረ የጻፈው ነው። ዝምተኛ ሰው አልወድም። የፒያሳ ሰው ሁሉ ሲለፈልፍ ይሄ ብቻ ምን ይዞ ነው ዝም የሚለው?

«ታኦ ማለት ምንድነው?» አልኩት።

«መንገድ ማለት ነው፣ ጋሼ አጥናፉ።»

«ወዴት የሚወስድ?»

«የትም። ከእኛ የሚለየውም በዚህ ነው። እኛ ስንጸልይ የሚሰማን አለ። እስላሙም ፈቃዱን ለአላህ ይሰጣል። የእነሱ መንገድ ግን አይሰማም፣ አይቆጣም፣ አያዝም።»

«ባሕታውያን አሏቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ተራራ የሚወጡ አሉ። የእኛ መናኝ ዓለምን የሚተወው ለነፍሱ ነው፤ የእነሱ ግን ከዛፉና ከደመናው ጋር ለመስማማት ነው። ኮንፊሽየስ የሚባለው ጠቢባቸው ልጅ ለአባቱ፣ ሕዝብ ለንጉሡ እንዴት እንደሚታዘዝ ሲያስተምር፣ እነዚህ ደግሞ ማዘዝ ሲበዛ ነገር ይበላሻል ባይ ናቸው።»

ጆሮዬ ቆመ። ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ ረቂቁን እንደ ጤፍ አበጠርኩት። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አገኘኋት፦ «ከላይ ያለ ሁሉ ጊዜው ሲደርስ ይወርዳል፤ መንገዱም ይኸው ነው።»

ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለወይዘሮ ተናኘወርቅ አሳየኋቸው።

«ከፍ ብሎ ስለ ደመና ይላል እኮ። ዝናብ ነው» አሉኝ።

«እመቤቴ፣ ሰሙ ነው ዝናብ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽሮ ቢያቀርቡልህም ወርቅ ትፈልግበታለህ» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉኝ። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እናደዳለሁ። በማግስቱ ጠዋት ገጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ ጽሑፍ ወደሚመረመርበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

ሹሙ አነበቡት። ደግመውም አነበቡት።

«ዝናብ አይደለም እንዴ?»

«ሰሙ ነው፣ ጌታዬ።»

«ወርቁስ?»

እስከዚያች ሰዓት ወርቁን በልቤ እንጂ በአፌ አላልኩትም ነበር።

«ወርቁማ ይታወቃል፣ ጌታዬ።»

«እኔ አላወቅሁትም። ንገረኛ።»

«ከላይ ያለ ሲል ... ንጉሥ ነው። ንጉሥ ይወርዳል ማለቱ ነው።»

ጥግ የተቀመጠው ጸሐፊያቸው ብዕሩን አነሣ።

መምህር ካላዩን ከሚያስተምርበት አስጠሩት። ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ እጁ ላይ ጠመኔ ነበረ።

«ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?» አሉት ሹሙ።

«ዝናብ ይወርዳል ማለት ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለው?» አለና አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ግራ መጋባቱ የእውነት ነበር። ልቤ የከዳኝ ያኔ ነው።

አሰናበቱት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ጋሼ አጥናፉ፣ አብረን እንውጣ?» አለኝ።

«እሱ ይቆያል» አሉ ሹሙ።

በሩ ሲዘጋ ከጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«እሱ ስለ ዝናብ ነው የጻፈው። ይኸኛውን ግን የተናገርከው አንተ ነህ። አንብብና ፈርም።»

«ንጉሥ ይወርዳል» ይላል፤ ከሥሩ ስሜ አለ። እንደ ልማዴ ስሕተት ፈለግሁበት። አንድ ፊደል እንኳ የሚታረም አጣሁ።