ውኃው አይደለም

ሮቢ ወንዝ ከደጃችን በታች እየፈሰሰ፣ ጎረቤቴ ራህመት ሶላቷን ለመስገድ ስትነሣ እጇን አፈር ላይ መታ መታ ታደርግና ፊቷንና እጇን ትዳብስ ነበር። ተየሙም ይሉታል፤ ውኃ ላጣ ሰው የተፈቀደ ነው። ሼኻቸው ሰምተው መጡና፣ «ልጄ፣ ውኃ እያለማ ይህ አይሆንም» አሏት። «ውኃ ልጄን ገደለብኝ፣ ሼኼ» ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

እኔ ግን አንገት መድፋት አልችልበትም። እኔን ጌጤን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጅቷን ውኃ እንዳልገደላት ደግሞ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነግሮኛል።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት በጋ ነው ማጅራት ገትር የገባብን። ጠዋት አንገቴን አመመኝ ያለ ልጅ በማግስቱ ይቀበር ጀመር። ለክትባት ዘመቻው ተብሎ አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ተጠርጎ ክሊኒክ ሆነ። መድኃኒቱ ሙቀት አይችልም ተብሎ በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ መጣ፣ ኃላፊ ተብሎ ይልማ የሚባል ሰው ተመደበ። እኔ ያኔ የደሴ መንገድ ዳር ባለው የጋሽ ከበደ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ።

ታዲያ ዘመቻውን የሚገመግሙ እንግዶች ከአውራጃ ይመጣሉ ተባለ። ጋሽ ከበደን ጭንቅ ያዘው። የሆቴሉ ፍሪጅ ከተበላሸ ከርሟል፤ በዚህ ቆላ ሙቀት የሞቀ ቢራ ለባለሥልጣን እንዴት ይቀርባል? ሄዶ ከይልማ ጋር ተነጋገረና ቢራው ቅዳሜ ክሊኒኩ ፍሪጅ ውስጥ ገባ። እሑድ እንግዶቹ ሲመጡ አምጪ ተብዬ ሳፋ ይዤ ሄድኩ። ይልማ ፍሪጁን ሲከፍትልኝ ከላይ እስከ ታች ቢራ ብቻ ነው። የመድኃኒቱ ካርቶን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይመታዋል።

«ይሄስ እዚህ ምን ይሠራል፣ ጓድ ይልማ?» አልኩ።

«አንቺ ቢራሽን ይዘሽ ሂጂ፤ የመድኃኒቱን ነገር ለባለሙያው ተዪው።»

ለባለሙያ ምን ይባላል? ይዤ ሄድኩ። እንግዶቹ ጠጡ፣ በሉ፣ ዘመቻው በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው ብለው አጨበጨቡና ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ያ ፀሐይ ሲመታው የዋለ መድኃኒት ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ ገባ፣ ከዚያም በየልጁ ክንድ ላይ ተወጋ።

የራህመት ልጅ መሪያም ከተወጉት አንዷ ነበረች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሶላት የጀመረችውም በዚያው ሰሞን ነው። «እትዬ ጌጤ፣ አላለቀስኩም» ብላ ክንዷ ላይ ያለውን ጥጥ ልታሳየኝ አጥሩን ተሻግራ መጣች። ማታ ላይ እናቷ ውኃ እያፈሰሰችላት ለሶላት የሚታጠቡትን ውዱእ ስታደርግ፣ ጥጡ ወድቆ እንደሳቁ አስታውሳለሁ። ወሩ ሳያልቅ መሪያም ሞተች። ሌሎችም ተወግተው የሞቱ ነበሩ፤ ሰውም የተወጋ ልጅ ለምን ይሞታል ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ይልማ ተነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መርፌ የተወጋውን ክንድ በዚያው ቀን በውኃ ያጠበ ሰው መድኃኒቱ አይሠራለትም። ይህንን ተናግረን ነበር» አለ።

መቼ ተናገረ? ለማን? ያን አዳራሽ ከሞላው ሕዝብ ስንቱ በቀን አምስት ጊዜ ክንዱን እንደሚያጥብ ግን አሳምሮ ያውቃል። ተነሥቼ፣ «ውሸት ነው! መድኃኒቱን አውጥታችሁ ቢራ ነው ያስገባችሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰብሳቢው «ተራሽን ጠብቂ» አለኝ። ተራዬ ሳይደርስ ስብሰባው ተዘጋ። በማግስቱ ጋሽ ከበደ ከሥራ አባረረኝ፤ እሱ ደግ አደረገ፣ ያንን ሆቴል ዳግመኛ ባላየው ደስ ይለኛል።

ራህመት ግን ያን ቀን አለቀላት። አማቷ እማማ ከዲጃ በሐዘንተኛ ፊት፣ «በገዛ እጅሽ አጥበሽ ገደልሻት» አሏት። ባሏ አብዱልወሃብ ክፉ አልተናገራትም፤ ማሽላ እጠብቃለሁ እያለ ማደሪያውን ማሳው ላይ አደረገ እንጂ። አፈር መዳበስ የጀመረችው በዚህ ጊዜ ነው። እጇን ይዤ ወደ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ወሰድኳትና ይልማንና ከበደን ከሰስን።

ዳኛው ጋሼ ደምሴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ክሳችንን ሰምተው ቀጠሮ ሰጡን። በቀጠሯችን ስንሄድ ግን ዓይናችንን ማየት አቃታቸው። ከአውራጃ የመጣ ነው ብለው አንድ መመሪያ አነበቡልን፦ ወረርሽኙን ለመከላከል የተሰማራ የጤና ሠራተኛም ሆነ ዘመቻውን የሚያግዝ ድርጅት፣ በዘመቻው ጊዜ ለደረሰ ጉዳት በየትኛውም ሸንጎ አይጠየቅም፤ ያለፈውንም ይጨምራል።

«ይልማስ እሺ የጤና ሠራተኛ ነው፤ ጋሽ ከበደ ምን አግዞ ነው?» አልኩ።

«የዘመቻውን እንግዶች ተቀብሎ አስተናግዷል» አሉ ቀስ ብለው።

ቢራውም እገዛ ሆነ ማለት ነው!

«ጌጤ፣ እስኪ አስቢው» አሉኝ። «የሚወጋው ሁሉ ክስ ፈርቶ መርፌውን ቢጥል ለልጆቻችን ማን ይደርስላቸዋል?»

ይሄ እኔም አይጠፋኝም። እንቅልፍ አጥቶ፣ መቶ ልጅ ወግቶ፣ እጁ ለተሳሳተ ሰው እኔም መመሪያ ባወጣሁለት። መድኃኒት አውጥቶ ቢራ ላስገባ ግን? ለእሱም ያው ከለላ ነው?

ራህመት ወደ ዳኛው ቀረብ አለች። «እኔ ይታሰሩልኝ አላልኩም፣ ጋሼ» አለች። «ውኃው ይሁን አይሁን ብቻ ይንገሩኝ። በአላህ ይሁንብዎ።»

«ክስ ከሌለ ምስክር አይሰማም፣ ልጄ።»

ወጣን። እየነደድኩ ጥቂት እንደተራመድኩ ቆም አልኩ። ይህ ሰው የማይከሰስ ከሆነ ከእንግዲህ ምን ያስፈራዋል? ለምንስ አይናገርም? ራህመትን ወደ ክሊኒኩ አዞርኳት። ደጁ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል። ሰልፉን ጥሰን ገባን። ይልማ እንዳየን ደንግጦ በሩን ዘጋ።

«አትከሰስም፤ መመሪያውን ሰምተናል» አልኩት። አንቱታው ያን ቀን ከአፌ ጠፋ። «እንግዲያው እውነቱን ንገራት። ውኃው ነው?»

ወደ በሩ አየ። ወደ ፍሪጁ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውኃው አይደለም» አለ።

ራህመት ግድግዳውን ተደገፈች። «ታዲያ ለምን ውኃው ነው አልክ?» አለችው።

«ያን ጊዜ መመሪያው አልመጣም ነበር» አለ።

እንዲህ ነው ያለው! ከራሴ ቃል አልጨመርኩም። ለራሱ ከለላ እስኪመጣለት ድረስ እሷን ከለላ አደረጋት፤ የገዛ ልጇን ሬሳ አሸከማት። በሩን በርግጄ ከፈትኩና ለሰልፈኛው በሚሰማ ድምፅ፣ «በል፣ አሁን ያልከውን እዚህ ድገመው!» አልኩ። አልደገመም። እናቶቹ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኛን ያያሉ።

ራህመት በመካከላችን አልፋ ወጣች። ክሊኒኩ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት የውኃ በርሜል አለ። ሄዳ ከፈተችው። ፊቷን ታጠበች። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ከዚያ ከክርኗ አልፋ፣ ልጇ የተወጋችበትን ቦታ በራሷ ክንድ ላይ ታጥብ ጀመር። ታለቅሳለች፣ ግን አታቆምም። ውኃው መሬቱን አርሶ እስከ ሰልፈኞቹ እግር ደረሰ።

ይልማ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየ። «የክሊኒኩን ውኃ ጨረስሽው እኮ» አለ።

ራህመት ቀና ብላ አየችው።

«ክሰሰኝ» አለችውና መታጠቧን ቀጠለች።