ያላፈሰሰው ብየዳ

ሰመራ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስሜ ደግነት ይባላል፤ ይህን ታሪክ ስናገር ስሜን መጥራት ያሳፍረኛል።

አምስት ዓመት ሙሉ ከክፍል ውጭ ያለኝን ጊዜ ያዋልኩት አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን በመሥራት ነው። ክንፏን ከአሉሚኒየም ቱቦና ከሸራ ሠራሁት፤ ሞተሯን ካረጀች ፎልክስዋገን ነቀልኩት። በራሴ እጅ ያልደፈርኩት የነዳጅ መያዣውን፣ ሰልባትዮውን፣ መበየድ ብቻ ነበር። ስስ አሉሚኒየም ሳይታሰብ ቀልጦ ይፈሳል፤ የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ያ እጅ የነበራቸው አጠገባችን ባለችው ሎጊያ የሚሠሩት በያጁ ጋሽ አብዱሰላም ናቸው። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮች ሰልባትዮ ሲያፈስባቸው የሚቆሙት እሳቸው በር ላይ ነበር። ንድፉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«መምህር፣ ይሄ ሰማይ የሚወጣ ነው?»

«ከተሳካልኝ፣ አዎ።»

«እንግዲያው እንደ መኪና ሰልባትዮ አልሠራውም» አሉ።

አራት ቀን ፈጀባቸው። ሲጨርሱ አየር ሞልተው፣ ዙሪያውን የሳሙና አረፋ ቀብተው፣ በየትም በኩል እንደማይተነፍስ አሳዩኝ።

ቤት ወስጄ የነዳጁን መጠን የሚያሳየው ተንሳፋፊ የሚገባበትን ቀዳዳ ጎኑ ላይ በራሴ በሳሁ። ዙሪያውንም ከሱቅ በገዛሁት ሲሊኮን ደፈንኩት። ቤንዚን በሞላሁ በማግስቱ ወለሉ ረጥቦ ጠበቀኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጠብታው የሚወርደው ከኋለኛው ማዕዘን፣ ልክ ከብየዳው ላይ ነው።

ሌላ ምንም አልመረመርኩም። ሰልባትዮውን ፈትቼ ባጃጅ ላይ ጭኜ ሎጊያ ወረድኩ። ጋራዡ ውስጥ አምስት ስድስት ሾፌሮችና ረዳቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ትግሉ የሚባለው የተሳቢ ሾፌር የሰማውን ሁሉ ከሰመራ እስከ አዋሽ የሚያዳርስ ሰው ነው። ሰልባትዮውን ጋሽ አብዱሰላም እግር ሥር ወረወርኩትና እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ስላቸው የኖርኩትን ሰው፣

«አንተ! ልትገድለኝ ነው እንዴ?» አልኳቸው። «አልችልም ብትል ምን ነበረበት?»

እሳቸው ቁጢጥ ብለው ማዕዘኑን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እዚህ ጋ ነው ያፈሰሰው?»

«እዚያው ነው።»

«እንግዲህ እጄ ስቷል ማለት ነው። አፉ በለኝ፣ መምህር።»

ያኔውኑ ሌላ ሥራ ሁሉ ትተው፣ ውስጡን ደጋግመው አጥበው፣ እንደገና በየዱት። ቤት ወስጄ ስሞላው ግን ደግሞ አፈሰሰ። ትግሉን ሻይ ቤት አገኘሁትና «ሰውዬው ዛሬም አልቻለበትም» አልኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አንድ የፊዚክስ መምህር መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረበትን ያን ቀን አደረግኩ። ሰልባትዮውን ከውጭ አድርቄ ጠመኔ ፈጨሁና ዙሪያውን ነሰነስኩበት። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ታየ። መነሻው ብየዳው አልነበረም። መነሻው እኔ የበሳሁት ቀዳዳ ነው። ቤንዚኑ ሲሊኮኑን እንደ ታኘከ ማስቲካ አለስልሶታል፤ በዚያ ሾልኮ በጎኑ እየወረደ ማዕዘኑ ላይ ይጠራቀማል። የሲሊኮኑን ቱቦ አንስቼ አየሁት። ለነዳጅ እንደማይሆን ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ጠመኔውን በጨርቅ እየጠረግኩ ሳለሁ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ አብዱሰላም ነበሩ፤ ትግሉ ነግሯቸዋል።

«እህል አልበላ ብሎኝ ነው የመጣሁት» አሉ። «ያንን ማዕዘን ቆርጬ ጥዬ በአዲስ ልሥራው። ስጠኝ።»

ያኔ ብናገር ኖሮ ነገሩ በአንድ ይቅርታ ያልቅ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን «አንተ» ብዬ የጮህኩባቸው ቀን ትዝ አለኝ፤ ያንን በምን አፌ እመልሰዋለሁ?

«ይሁን» አልኩ።

ቤንዚኑን ገልብጬ ሰልባትዮውን አንድ ጊዜ ብቻ በውሃ አለቀለቅኩት። ተንሳፋፊውን ነቅዬ ሲሊኮኑን ፋቅኩት፤ መላሸቁን እንዳያዩብኝ ነው። ጋራዡ ስንደርስ «ቤንዚኑ በደንብ ታጥቧል?» ሲሉኝ «ታጥቧል» አልኩ። የቸኮልኩት ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍልኝ ነበር።

እሳቱ ማዕዘኑን ገና ሲነካው ውስጡ የቀረው ትነት ቡፍ ብሎ ተቀጣጠለ። ነበልባሉ በቀዳዳው ወጥቶ ግራ ክንዳቸውን ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው ላጠው።

ባለቤቴ ሠርካዲስ ነርስ ናት፤ ዱብቲ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ወስጃቸው እሷ አሸገችላቸው። ማታ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቀችኝ።

«ሰውዬው ቁስላቸውን ሳጥብ 'የባልሽን ሥራ አበላሸሁበት' እያሉ ይቅርታ ይጠይቁኛል። ምን አድርገውህ ነው?»

«ጥንቃቄ ይጎድላቸዋል» አልኳት።

ጋሽ አብዱሰላም በታሸገ እጅም ቢሆን ብየዳውን ጨርሰው ላኩልኝ። ነዳጅ የሚችል ጋስኬት፣ የጎማ ማሸጊያ፣ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ቀዳዳውን በሥርዓቱ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አልወጣም። ትግሉ በየሻይ ቤቱ «መምህሩ ሦስት ጊዜ አስለፍቶ ነው ያስተካከላቸው» ይላል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ በያጅ ዞሩ። ከሁለት ወር በኋላ በሎጊያ ሳልፍ የጋሽ አብዱሰላም በር ተዘግቶ አየሁ። አዋሽ፣ የወንድማቸው ልጅ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥረዋል አሉኝ።

ያን ዕለት ለሠርካዲስ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እኔንም ዋሽተኸኛል» አለች። «ቢሆንም መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂድ።»

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሚሌን፣ አዳይቱን፣ ገዋኔን እያለፍን ንግግሬን ስደረድር ዋልኩ። አዋሽ ስደርስ ጋሽ አብዱሰላም አንድ ከባድ መኪና ሥር ተኝተው ነበር። ድምፄን ሰምተው ወጡ፤ ክንዳቸው ላይ የተቃጠለው ቆዳ ተጨማዶ ነጥቷል። አራት ሾፌሮች ቆመዋል። የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ጋሽ አብዱሰላም፣ ብየዳዎ አላፈሰሰም» አልኩ፤ ሾፌሮቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ያፈሰሰው እኔ የበሳሁት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«መቼ አወቅክ?»

«እቤቴ የመጡ ቀን። ከመምጣትዎ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

«እንግዲያው ሦስተኛውን ስበይድ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስቃጠልም?»

አንገቴን ደፋሁ። ከሾፌሮቹ አንዱ ምራቁን ጢቅ አለ።

«ያን ዕለት የጮህክብኝን ትቼልሃለሁ» አሉ ጋሽ አብዱሰላም ቀስ ብለው። «ሰው ሲደነግጥ ይጮሃል። ዝም ብለህ አጠገቤ የቆምከውን ግን... እሱን እንጃ። አላህ ያግዘኝ።»

«ልካስዎት፣ ምን ላድርግ? ስምዎን አውሮፕላኗ ላይ በትልቁ አስጽፋለሁ።»

«የኔ ስም አውሮፕላን ላይ ምን ይሠራል? የጠፋው ሎጊያ ነው። እዚያ ሄደህ ተናገር።»

ተመልሰው መኪናው ሥር ገቡ። ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ አልወጡም።

ሎጊያ ተመልሼ ከጋራዥ ጋራዥ፣ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት እየዞርኩ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሳቀብኝ፤ አንዳንዱ አላመነኝም፣ ለሽማግሌው አዝኜ የምዋሽ መሰለው። የትምህርት ቤታችን ልጆችም ሰሙ፤ ክፍል ስገባ ሹክሹክታ ይቀበለኛል። ትግሉን ያገኘሁት መኪናውን ሲያሳጥብ ነው። እስከ መጨረሻው አዳምጦኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እኔንም ውሸታም አደረግከኝ» አለ። «አጠገቤ ቁጭ ብለህ ሻይ እየጠጣህ!»

«አዎ።»

«አሁን ሰልባትዮዬ ቢያፈስ አዋሽ ድረስ ልሄድ ነው?»

«ከሄድክ አያፈስም» አልኩት።

ቁልፉን አንስቶ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ አዋሽ ላይ ቆሞ ለጋሽ አብዱሰላም ሥራ እንደሰጣቸው ከረዳቱ ሰማሁ። እሳቸው ግን ወደ ሎጊያ አልተመለሱም። አውሮፕላኗ መጋረጃ ለብሳ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። የበረራ ፈቃዱን ጥያቄ ለማስገባት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ሞልቼ፣ ሰልባትዮውን ማን እንደሠራው የሚጠይቀው መስመር ላይ ስደርስ ስማቸውን መጻፍ አቅቶኝ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ወጥቻለሁ።