የእጀ ወርቅ ብየዳ

ወደቅኩ ነው የምትለው እህቴ፣ ከደረጃ ወደቅኩ እትዬ፣ መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ፣ በጥርሷ መሃል እያፏጨች፣ ደረጃ በሌለው ቤት፣ አንድ ክፍል ምድር ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት ከየት ደረጃ ነው የምትወድቀው፣ እኔም ሞኟ እሺ አልኳት፣ ዛሬ ጠዋት፣ እሺ እታለም፣ አይዞሽ፣ ከዚያ ከሆስፒታል ቀጥታ ወደ ሥራ፣ እና አሁን በጉልበቴ ተንበርክኬ የባሏን ብየዳ እፈትሻለሁ።

የሳሙና ፋብሪካው ቦይለር ነው፣ ክፍሉን የሞላ የብረት በርሜል፣ ውሃ አፍልቶ ለፋብሪካው ሁሉ እንፋሎት የሚሰጥ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ ቀዝቅዞ ከርሟል፣ ያንን ስንጥቅ ነው እሱ የበየደው፣ እጀ ወርቅ፣ እንደዚያ ነው የሚሉት፣ እጀ ወርቅ ይጠራ፣ እጀ ወርቅ ካልነካው አይሆንም፣ የእኔ እህት ባል፣ እና እውነትም ሲያዩት ነፍስ ነው ብየዳው፣ ሸንተረሩ እኩል፣ ጠርዙ በግራይንደር ተልጎ የሚያበራ፣ ውስጡን ለቄስ። ድምፅ የሚያሻግረውን ጄል እቀባለሁ። ቀዝቃዛ ነው። ፕሮቧን አስቀምጣለሁ፣ ጣቴን የምታክል፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ወደ ብረቱ የምትልክ፣ ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተኝቶ ይቀራል፣ ስንጥቅ ካለ ድምፁ ነጥሮ ይመለስና መስመሩ ብድግ ይላል፣ ይኸው ነው እንጀራዬ፣ ብድግ ሲል ማየት።

ይተኛል፣ ይተኛል፣ በቀኝ እጁ ነው የመታት፣ ግራ መንጋጋዋ ነዋ፣ ይተኛል፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ምናልባት እየበላች፣ ይተኛል፣ እዚህ አጠገቤ መዶሻ አለ፣ ያንን ወርቅ የሚሉትን እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ፣ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ አጥንት ሲደቅ ምን እንደሚል እሱም ይስማው፣ ደሜ ይፈላል፣ ይተኛል፣ ይተኛል፣ ብድግ።

ተመለሺ። ቀስ።

ብድግ ይላል።

እንዴት ነው እትዬ፣ ይላል ከኋላዬ፣ ሲጋራው ይሸተኛል፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ለሰው ፊት የሚያወጣው ድምፅ፣ የሰርጉ ዕለት እንደ እናቴ ነሽ ያለኝ ድምፅ፣ ሥር ነው እኮ ይላል ስክሪኑን በትከሻዬ አሻግሮ እያየ፣ ያውቃል ሰውዬው፣ ብየዳ ወደ ውስጥ በኩል ተንጠልጥሎ የሚቀር እብጠት አለው፣ ሥር እንለዋለን፣ ጤነኛ ነው፣ ግን እሱም መስመሩን ብድግ ያደርገዋል፣ ስንቱ ፈታሽ በሥር ደንግጦ ደህና ብየዳ አስቆርጧል፣ ስንቱ ደግሞ ሥር ነው ብሎ ስንጥቅ አሳልፏል፣ ስለዚህ በአንድ በኩል አይታመንም፣ ከግራም ከቀኝም ነው የሚታየው፣ ሥር ከሆነ ቦታውን ይቀያይራል፣ ስንጥቅ ከሆነ በየትም ብትመጪበት እዚያው ነው። ተሻግሬ በቀኝ በኩል እቀባለሁ። እዚያው ነው። መዳፌን የሚያህል ርዝመት፣ ውስጥ ለውስጥ፣ ከላይ አንድ ጭረት የለ።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ይገባል፣ አላለቀም ወይ፣ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ዛሬ እንፋሎት እፈልጋለሁ፣ ጨርሳለች ጌታዬ፣ ይላል እጀ ወርቅ፣ ሥር ነው፣ እትዬ ጠንቃቃ ስለሆነች ነው፣ ይስቃል፣ ሥራ አስኪያጁም ይስቃል፣ አንቺ ደግሞ በእህትሽ ባል እንኳ ትጨክኛለሽ፣ አሳልፊው በቃ። አሳልፊው እትዬ፣ ይላል እሱም።

አሳልፊው። በገዛ አፉ።

የበየደ ሰው የመጀመሪያውን እንፋሎት ብየዳው ፊት ቆሞ ነው የሚጠብቀው፣ እዚህ ቤት ወጉ እንደዚያ ነው፣ በእጅህ ካመንክ ቁምበት፣ እሱ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚቆመው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ታዲያ ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው፣ በተደረገው ፍተሻ መሠረት ከተፈቀደው ወሰን በላይ የሆነ ጉድለት አልተገኘም፣ ማን ይጠይቀኛል፣ ሥር መስሎኝ ነው እላለሁ፣ የተማረውም የሚሳሳትበት ነገር ነው፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ብረቱ እንደ ጨርቅ ይቀደዳል፣ እንፋሎቱ ያንን ለስላሳ ፊት ከአጥንቱ ይልጠዋል፣ ለመጮህ አፉን ሲከፍት ወደ ሳንባው ይገባል፣ እህቴ ትገላገላለች፣ እኔም ደረቴን እደቃለሁ፣ ወይኔ ወንድሜ እላለሁ፣ በለቅሶ ማን ይበልጠኛል።

ልጄ፣ ይላል ጋሽ እንፋሎት። ቦይለር ጠባቂው ነው፣ ባልዲ ገልብጦ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ የእንፋሎቱን ቫልቭ የሚከፍተው እሱ ነው፣ ጡረታ በቃኝ ያለ ሽማግሌ። እኔ የእነሱን አልሰማም፣ አንቺ ክፈት ካልሽኝ እከፍታለሁ።

እሱን ምን ላድርገው፣ በሰበብ ላስወጣው፣ ሻይ ጠጥተው ይምጡ ልበለው፣ ቫልቩን እኔ ልክፈተው፣ እያልኩ እያልኩ ራሴን አገኘዋለሁ፣ ሽማግሌ ከሞት ክፍል ለማስወጣት ሰበብ ስፈልግ፣ እና እፈራለሁ፣ ከእጀ ወርቅ ይልቅ ራሴን እፈራለሁ። ደግሞስ ሞቶ፣ የሞተ ሰው ክፉ አይባልም፣ እጀ ወርቅ ነበር፣ ሚስቱን የሚወድ ነበር ይባላል፣ እህቴም አብራ ትላለች፣ መውደቋ እውነት ሆኖ ይቀራል፣ አይሆንም፣ እንደዚያማ አያመልጠኝም።

ስንጥቅ ነው፣ እላለሁ። ቁረጠውና እንደ አዲስ በይደው።

እርግጠኛ ነሽ፣ ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ ከግራም ከቀኝም አይቼዋለሁ እላለሁ፣ እጀ ወርቅ ይስቃል፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ፣ የራስሽን ቂም በብየዳዬ አትወጪ፣ የምን ቂም፣ እላለሁ፣ ምን አድርገኸኝ ነው የምቀየምህ፣ እስቲ ንገራቸው። ሳቁ ይቆማል። ግራይንደሩን ያነሣል፣ መቁረጫ ዲስኩ ይጮሃል፣ ክፍሉ ሁሉ ይጮሃል፣ እጅሽን አንሺ ልቁረጥ፣ መዳፌን ብየዳው ላይ እጫናለሁ፣ የሚስትህን መንጋጋ ምን እንደሰበረው ንገራቸው፣ ከዚያ ቁረጥ፣ አንሺ ብዬሻለሁ፣ አላነሣም፣ አንሺ፣ አላነሣም፣ እና ያወርደዋል፣ ቀስ እያለ፣ የዲስኩ ነፋስ ጣቶቼን ይመታኛል፣ ልየውና ልሙት፣ ቀና እላለሁ።

ፊቱ።

ሌላ ፊት ነው፣ ከንፈሩ ተስቦ፣ ጥርሱ ተገጥሞ፣ ዓይኑ ውስጥ የሚለምኑት ሰው የለም፣ ይህንን ነው ከሳህኗ ቀና ስትል ያየችው፣ ሁልጊዜ በሩ ተዘግቶ፣ ሁልጊዜ ብቻዋን፣ ጋሽ እንፋሎት ከባልዲው ተነሥቶ ሶኬቱን ይነቅለዋል፣ ዲስኩ እያቃሰተ ይቆማል፣ ፊቱ ግን ለመመለስ አልደረሰም፣ እዚያው እንደተሰቀለ፣ ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ከጆሮው ያወርዳል፣ ያያል፣ ሽማግሌውም ያያል፣ ኋላ ሥራ አስኪያጁ አስቀምጠው ይለዋል፣ እጀ ወርቅ ብሎ አይጠራውም፣ አንተ፣ አስቀምጠው።

ጄሉን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ጨርቁ ከእጄ ይወድቃል፣ አነሣዋለሁ፣ እንደገና ይወድቃል፣ ተዪው ልጄ ይላል ጋሽ እንፋሎት፣ ወደ ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል ይሉኝ ይሆናል፣ ዘበኛውን ገፍቼም ቢሆን እገባለሁ፣ ታውቂያለሽ እታለም እላታለሁ፣ ዛሬ ያንን ፊቱን አየሁት፣ ብቻዬንም አይደለም ያየሁት።