የጎበጠው ሲባጎ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ላለው ቤቴ የግንብ አጥር እንዲሠራልኝ ሞሲሳን ቀጠርኩት። እኔም ዕድሜዬን በግንበኝነት ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ወንበር አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«መሐሉ ሆዱን ነፍቷል፤ አፍርሰው» አልኩት።

አፍርሶ እንደገና ሠራው። እንደገናም ሆዱን ነፋ።

«ኦቦ አበጋዝ፣ ቱንቢ ጥዬ ነው የሠራሁት» አለኝ በትዕግሥት።

«የዛሬ ልጅ ቱንቢ መጣል የት ያውቃል?» ብዬ ተነሣሁ። የቱንቢውን ሲባጎ ከነብረቱ ተቀብዬ ራሴ ግድግዳው ላይ አንጠለጠልኩት። እንደ ልማዴ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ አየሁ። ሲባጎው መሐሉ ላይ ጎብጧል።

ብረት የተንጠለጠለበት ሲባጎ አይጎብጥም። ይህን ማንም ግንበኛ ያውቃል።

ቀኙን ጨፍኜ በግራው አየሁ። ሲባጎው ቀጥ አለ፤ ግድግዳውም ቀጥ አለ። ደግሞ በቀኙ አየሁ፤ ሁለቱም ጎበጡ። ቀና ብዬ ሞሲሳን በዚያው ዓይን ሳየው ጆሮዎቹ ይታዩኛል፤ አፍንጫውና አፉ ግን ጭጋግ እንደወረደበት ደብዝዘዋል። ማታ ማንበብ ሲያቅተኝ አምፖሉ ደከመ እያልኩ ሚስቴን ስነዘንዝ መክረሜ ትዝ አለኝ።

ሞሲሳ መዶሻውን አነሣ።

«ላፍርሰው?» አለኝ፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«ተወው፤ ግድግዳህ ደህና ነው» አልኩት። «እጅህን ታጠብና ዓይን ሐኪም ጋ አድርሰኝ። የጎበጠው እኔ ጋ ነው።»