በእትዬ ጥሩነሽ በኩል ያለው ግንብ

እምሩ ግንበኛ ነው፤ ያውም ስሙ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ የሚጠራ ግንበኛ። ያልተጠረበ ድንጋይ አንዴ ካገላበጠ፣ የትኛው ጎኑ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ወዲያው ያውቃል። ይህን ሁሉ ችሎታ ይዞ በገዛ ጎረቤቱ ላይ የሠራው ሥራ ግን ለወሬም አይመችም።

መንገድ ሲሰፋ የእትዬ ጥሩነሽ የፊት ለፊት ቤት ፈረሰ። ሟች ባላቸው ያሠሩት የድንጋይ ቤት ነበርና ድንጋዩን መሸጥ አልሆነላቸውም። በእሳቸውና በእምሩ ግቢ መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ዝጎ አልቆ ስለነበር፣ ድንጋዩ ከእኔ፣ ጉልበቱ ከአንተ ይሁንና ለሁለታችንም የሚሆን ግንብ ሥራልን አሉት። እምሩም ደስ ብሎት ጀመረ።

እንዲህ ያለ ግንብ ሁለት ፊት አለው፤ መልከ መልካሙ ድንጋይ ለሁለቱም ወገን እኩል መዳረስ አለበት። እምሩ ግን ዝናብና ዘመን ያለሰለሱትን ሁሉ ወደ ራሱ ግቢ አዞረ። ለእትዬ ጥሩነሽ ጎባጣውንና ስባሪውን ደረደረላቸው፤ ክፍተቱንም በሲሚንቶ ለቀለቀው። ልጁን ናዝራዊትን ለማጨት ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበርና፣ ግቢዬን አይተው ይናቁኝ እንዴ እያለ ራሱን አጽናና። እትዬ ጥሩነሽ ሥራውን አይተው ምነው እንዲህ ሆነ ሲሉት፣ ያልተጠረበ ድንጋይ እንዲህ ነው፣ ተፈጥሮው ነው አላቸው። አመኑት፤ መርቀውትም ገቡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከግቢያቸው እምብዛም አይወጡም። እሱም የተማመነው በዚሁ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን ግን ናዝራዊት ማንንም ሳታማክር ሄዳ እትዬ ጥሩነሽን ደግፋ አመጣቻቸው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ እናት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ማን ይከለክላታል? እምሩ በበሩ ሲገቡ ሲያያቸው ክው አለ።

እትዬ ጥሩነሽ ግንቡ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። እያንዳንዱን ድንጋይ አወቁት። አንዱን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ቆዩና እምሩን አዩት። እሱም አንገቱን ደፋ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ አብርሃ ግንቡን ሲያደንቁ ቆይተው ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞሩ።

«በእርስዎ በኩልም እንዲሁ ያማረ ነው?»

አንዲት ቃል ብትወጣቸው ናዝራዊት ጎረቤቱን ያታለለ ሰው ልጅ መሆኗ ነው፣ ያውም ሊያጯት በመጡ ሰዎች ፊት።

«እንዲሁ ነው» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «እምሩ እኔንና ራሱን አይለይም።»

ልጅቱ ተፈቀደች፤ ምርቃቱም ወረደ። እምሩን ግን እትዬ ጥሩነሽ በሰው ፊት ሰድበው ቢያዋርዱት ይሻለው ነበር፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ መዶሻውንና መሮውን ይዞ በራቸውን አንኳኳ። ግንቡን አፍርሶ እንደ አዲስ እንደሚሠራው፣ ጥሩ ጥሩውንም ወደ እሳቸው እንደሚያዞረው ዓይናቸውን ሳያይ ነገራቸው። እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ብትጠይቀኝ እኮ ሁሉንም እሰጥህ ነበር» አሉት። «አሁን ብታፈርሰው ግን ለራስህ ብለህ ነው። ተወው።»

ከዚያ ግባና ሻይ ጠጣ ብለው በርጩማ አቀረቡለት፣ ልክ ግንቡ ፊት ለፊት። ክፋት አስበው አይደለም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ እሳቸውም የሚቀመጡት እዚያው ነው።