ቤቱ የቃኛት ፒያኖ

«እዚያ ቤት መጠጥ እንጂ ሙዚቃ የለም» አሉ ተባለ፣ በጎረቤት ከተማ ትልቁን አዳራሽ የያዙት ሰውዬ። ወሬ መቼ መኪና ይጠብቃል፤ በማግስቱ እኔ ባንኮኒ ላይ ደረሰ። ብርጭቆው የራሳችን ባይሆን ኖሮ ግድግዳው ላይ እከሰክሰው ነበር።

የዚያ ቤት ቀጂ እኔ ነኝ። ቤቱ የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ዘፋኟ አክስታችን ናት፤ ፒያኖ የሚጫወተው የአክስታችን ባል ነው፣ እሱን ጋሼ እንለዋለን። ሰው «የቤተሰብ ንግድ ነው» ሲል እሰማለሁ። ተሳስቷል። የቤተሰብ ጭቅጭቅ ነው፣ ማታ ማታ በሙዚቃ የሚታጀብ።

ባለ አዳራሹ በየዓመቱ ባንዶች እየመረጡ ከከተማ ከተማ፣ ከክለብ ክለብ ያዞራሉ። ትልልቆቹ ቤቶች ሁሉ ተራ በተራ ተጠርተዋል፤ እኛን ግን ያስታወሰን የለም። አክስቴ ደግሞ ስድሳን አልፋለች። አንድ ቀን አብረን ብርጭቆ ስናደርቅ «ሳልሞት አንድ ጊዜ በሰው ከተማ ብዘፍን ደስ ይለኛል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሳ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የእኔም ጉዳይ ሆነ።

ለወንድሜ ነገርኩት። ሄዶ ሰውዬውን ደጅ ጠና። «መጥተው በጆሮዎ ይስሙንና ከዚያ በኋላ ይስደቡን» አላቸው። ሳቁ። ማታ ማታ የራሳቸው ሥራ ስላለባቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙዚቀኞቻቸውን ይዘው ሊመጡ ቃል ገቡ።

አሁን ስለ ፒያኖዋ ልንገራችሁ፤ ያለ እሷ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ወንድሜ ቤቱን ሲከፍት ከአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት የገዛት አሮጊት ናት። ያኔ ሊቃኛት የመጣው ሰውዬ ሽቦዎቿን ነካ ነካ አድርጎ «እነዚህ አርጅተዋል፤ እስከ ልካቸው ካከረርኳቸው ይበጠሳሉ» አለና አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቃኛት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በሙሉ አብሯት ዝቅ አለ። ጋሼ ፒያኖ የተማረው በእሷ ነው። ጊታሪስታችን ክሩን የሚያላላው ለእሷ ብሎ ነው። ከሌላ ቤት የመጣ እንግዳ ሙዚቀኛ እንኳ «ጊታርህን አላላና ግባ» ይባላል፤ እያጉረመረመ ያላላል።

አክስቴም ዘፈኖቿን ሁሉ ያወጣችው በዚያው ልክ ነው። ደንበኞቻችን «የደጁ» እያሉ የሚጠሩትና አብረዋት የሚዘፍኑት ዘፈኗ መጨረሻው ላይ አንድ ከፍታ አለው። እዚያ ልትደርስ ስትል ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔም አልቀዳም፤ የጠማው ይጠብቅ። ያ ከፍታ የአክስቴ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ የምትወጣበት መሰላል የላትም።

እሑድ ጠዋት ቤት ስገባ አንድ የማላውቀው ሰው ፒያኖዋን ከፍቶ ሆዷ ውስጥ አጎንብሷል። ወንድሜ ጢሙን ተላጭቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ከጎኑ ቆሟል።

«ለእነ አክስቴ ድንገተኛ ስጦታ ነው» አለኝ። «እንግዳ ፊት አሮጊት ፒያኖ ይዤ አልቀርብም።»

ቃኚው ከሩቅ የመጣ ነበር። «ሽቦዎቹ ደህና ናቸው፤ የበፊቱ ሰውዬ ፈሪ ነበር» አለ ዕቃውን እየሰበሰበ። «አንድ ሙሉ ድምፅ ወርዳ ነበር፤ አሁን እንደማንኛዋም ፒያኖ ሆናለች።» ወንድሜ እስከ በሩ ሸኘው፣ ክብሩ የጨመረ መስሎት። ወንድሜ ስንት ነገር ያውቃል መሰላችሁ፤ ሙዚቃ ግን አያውቅም። ልዝፈን ቢል በር ነው ሲጢጥ የሚለው። እሱም ስለሚያውቀው ሰው ፊት ዘፍኖ አያውቅም።

ጋሼ ቢኖር ኖሮ አንዷን ቁልፍ ነክቶ ይጮህ ነበር። ግን አልነበረም። አክስቴ በምትዘፍንበት ቀን አትናገርም፤ ከአልጋዋ ተነስታ መድረክ እስክትወጣ ቃል ከአፏ አይወጣም። «ድምፄን ለወሬ አልበትነውም» ነው የምትለው። ጋሼም ቤት ተቀምጦ አብሯት ዝም ይላል። ትዳሩ የጸናው በዚያ ዝምታ ነው እያልን እናሾፍበታለን። ስለዚህ በዚያ ቀን ልምምድ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም የሚመጡት ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ጊታሪስታችን እንደ ልማዱ ጊታሩን ከፒያኖዋ ጋር ሲያስተካክል አንድ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» አለና ቀየረው። እንግዶቹ እየገቡ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

ባለ አዳራሹ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ሙዚቀኞቻቸው በዙሪያቸው። ደንበኞቻችንም መጥተዋል፤ ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ አናጺውና ሚስቱ፣ ሁሉም ለፎቶ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ በማታ የማይታየውን የወንበሮቹን ጭረት ሁሉ አጋለጠብን። አክስቴ ወጣች። ጋሼ ተቀመጠ፣ እጁን አሳረፈ፣ ጀመረ።

ወዲያው ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አያቸው፣ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል። የመጀመሪያው ዘፈን ቀላል ነው፤ አክስቴ በእንቅልፍ ልቧም ትዘፍነዋለች። ያን ዕለት ግን አንገቷ ላይ ጅማቷ ተገተረ። ያኔ ገባኝ። ፒያኖዋ ከፍ ስትል ዘፈኑም አብሯት ከፍ ብሏል። ወንድሜን ፈልጌ አየሁት፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ዘፈኑ እንደምንም አለቀ። ቀጥሎ ያለው የደጁ ነው። ባንኮኒው ከመድረኩ ጎን ስለሆነ የሚንሾካሾኩትን እሰማለሁ።

«ዝቅ አድርገው» አለችው።

«ጣቶቼ ሌላ መንገድ አያውቁም» አላት። ግንባሩ በላብ ርሷል።

ባለ አዳራሹ ወዳጠገባቸው ሰው ዘንበል ብለው አንድ ነገር አሉ፤ ሰውዬው ፈገግ አለ። ደሜ ፈላ። አክስቴም ፈገግታውን አየችው። አትወጣው ነገር፣ ድምፁ አይደርስላትም፤ አትተወው ነገር፣ የዕድሜ ልክ ምኞቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

ከዚያ እጇን ዘርግታ የፒያኖዋን ክዳን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጋሼ ጣቶቹን ለጥቂት ሰበሰበ።

«የደጁን ቤቱ ያስጀምረኝ» አለች በማይኩ።

በየምሽቱ ዝም በሉ ብለን የማንችላቸው ሰዎች የዛሬን እንግዳ ፈርተው አፋቸውን ለጎሙ። ሹፌሩ ጫማውን አየ። እኔ ራሴ የደረቀ ብርጭቆ መወልወል ጀመርኩ።

በሩ ሲጢጥ አለ። ማን ገባ ብዬ ዞርኩ። ማንም አልገባም፤ ወንድሜ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ ጎኑ ለጥፎ፣ የደጁን ጀምሯል።

ሹፌሩ ተከተለው። ነርሷ ገባች፣ አናጺው ገባ፣ ሚስቱ ከባሏ በላይ ጮኸች፣ እኔም ገባሁበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፤ የወንድሜ ድምፅ በእኛ መሃል ገብቶ አማረ። ልኩም ራሱ መጣ፣ ያው የድሮው፣ የእኛው። ማንም ጣቱን ቀስሮ እዚህ ላይ ነው አላለንም። እግር የቤቱን ደረጃ በጨለማ እንደሚያውቀው ጆሯችን ያውቀዋል።

አክስቴ ለአፍታ ሰማችን። ከዚያ ገባች። ጊታሪስታችን አጎንብሶ ክሩን አላልቶ ወደ እኛ ወረደ፣ ተከተላት። ከፍታው ሊደርስ ሲል ቤቱ እንደ ልማዱ ጸጥ አለ። ከእንግዶቹ አንዱ ብርጭቆውን ቢያነሳብኝ በዓይኔ አስቀመጥኩት። አክስቴ ብቻዋን ወጣች፤ ጣሪያዋን ነካችው፤ ነክታም አልተመለሰች፣ ቆመችበት። ኮራሁ። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግሁትም።

ጭብጨባው ሲበርድ የእንግዶቹ ፒያኒስት መጥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ዜማውን እያንጎራጎረ አንዷን ቁልፍ ነካ፣ ሌላዋን ነካ።

«ከፒያኖዋ አንድ ድምፅ ዝቅ ብላችሁ ነው የዘፈናችሁት» አለ። «ሁላችሁም፣ እኩል!»

«እዚህ ቤት እንዲህ ነው» አልኩት።

ባለ አዳራሹ ተነስተው ከመድረኩ ስር ቆሙ። «እኛ ጋ ሲመጡ ምን እናዘጋጅልዎ?» አሏት አክስቴን።

«ፒያኖዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።»

«የአዳራሹን ፒያኖ?»

«ካልሆነም ግድ የለም» አለች። «ቤቱን ይዤ እመጣለሁ።»

ሰውዬው ደንበኞቻችንን አንድ በአንድ አዩ። ሹፌሩ አሁን ጫማውን አያይም፤ እሳቸውን ነው ትክ ብሎ የሚያየው። «ይወርዳል» አሉ። ሲወጡ ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ አላሳለፍኳቸውም። «መጠጥም አለን» አልኳቸው። ገባቸው። አቀርቅረው ሳቁና አንድ ጠጡ።

ሰኞ ጠዋት ቃኚው ተመልሶ መጣ። ወንድሜ የሚፈልገውን ሲነግረው ዕቃውን እንደያዘ ቆመ።

«ወደ ታች? እኔን ሰው የሚጠራኝ ወደ ላይ ላወጣለት ነው እኮ!»

«አውርዳት።»

«እሺ፣ እስከ የት?»

ወንድሜ ወደ ፒያኖዋ ተጠጋ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የደጁን ጀመረ። ቃኚው ሊስቅ ነበር፤ ሳይስቅ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ አለና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወደ ወንድሜ አወረዳቸው።