አባትየው የለቀሙት መስመር

ትልቁ ማተሚያ ቤት አዳዲስ ማሽን ሲያስገባ መጽሐፍ ጠራዧን አሰናበታት። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ለብረት አቅላጭ ሊሸጥ የነበረውን አሮጌ የእጅ ማተሚያ ከነእርሳስ ፊደሉ ወስዳ፣ ሟች ወንድሟ ይተኛበት በነበረው ክፍል አቆመችው። ጥቂት ቅጂ ብቻ አትመው በእጅ የሚሰፉ የእሷን የመሰሉ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች በከተማው ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዋ ወንድሟ በደብተር ጽፎት የነበረው፣ ከሞተ በኋላ ከዕቃው ጋር የተላከላቸው ግጥም ሆነ። የእርሳሱን ፊደል ከሳጥን እየለቀሙ የሚደረድሩላት በሙያው ያረጁት አባቷ ናቸው። «እኔና ይህ ብረት እኩያ ነን፤ ዘይት ካላገኘን መገጣጠሚያችን ይጮኻል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስለ ልጃቸው ግን ትንፍሽ አይሉም። ከእሳቸው ተጣልቶ ከቤት እንደወጣ፣ በሰው አገር መኪና ገጭቶት ቀርቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት ለሙከራ የታተመውን ወረቀት ከደብተሩ ጋር ስታስተያይ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ተተከለ። ወንድሟ «አባቴ በሩን ዘጋብኝ» ብሎ ጽፏል። ወረቀቱ «አባቴ በሩን ከፈተልኝ» ይላል።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ።»

«ዓይኔ ነዋ፣ አርጅቷል።»

«ዓይን አንድ ፊደል ያሳስታል። ይሄ ሙሉ ቃል ነው።»

አባትየው ጣታቸውን በሽርጣቸው ይጠርጉ ጀመር፤ ቀለሙ ግን የሚለቅ አልነበረም።

«ሰው ምን ይለኛል ልጄ?» አሉ በመጨረሻ።

«ይውጣ ካሉ መስመሩን አወጣዋለሁ። ያላለውን ግን አለ ብዬ አላትምም።»

«በማግስቱ እኮ ከፍቼው ነበር» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «ሳምንቱን ሙሉ በሩን ሳልቆልፍ ነው ያደርኩት። እሱ ይህን ሳያውቅ ሄደ።»

እሷም አታውቅም ነበር። በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሽማግሌው ተነሡ። የቀየሩትን ቃል ፊደል በፊደል ነቅለው ወደየሳጥኑ መለሱና «ዘ»ን፣ «ጋ»ን፣ «ብ»ን ደረደሩ። «ኝ» ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ወደቀ። አላገዘቻቸውም።

«በይ እተሚው» አሉ።

ስልሳ ቅጂ አትማ፣ በክር ሰፍታ፣ በጨርቅ ለበጠችው። የገዙት ሁሉ ወረቀቱን እየዳበሱ አደነቁላት፤ አባቷ ላይ ያንን መስመር ያነሣባቸው ሰው አልነበረም። አባትየው የራሳቸውን ቅጂ እስከዚያ ገጽ ያነቡና ይከድኑታል።

«የቀረውንስ?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«የለቀምኩት እኔ አይደለሁ? አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ፊደል አልለቀሙም። ሌላ ጸሐፊ ሥራ ሲያመጣ ጠራዧ ብቻዋን ፊደሉ ፊት ትቆማለች፤ አባቷ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።